ደገፋ ያልማለበት መስክ

አጎቴ ደገፋ የተቀበረ ቀን ለቀስተኛው ሁሉ ጻድቅ አደረገው። አንዱ "እንዲህ ያለ ልበ ንጹሕ ዳግመኛ አይፈጠርም" ይላል፣ ሌላው "ዓይኑ የሰው ነገር አያይም ነበር" ይላል። እኔ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጬ ንፍሮዬን እየቆረጠምኩ ዝም አልኩ። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ከሰው ጋር አይጣሉም። እውነቱን ካነሣን ግን አጎቴ ደገፋ ከሱሉልታ እስከ ጫንጮ አቻ የማይገኝለት ቀናተኛ ነበር። ዓይኑ ከሰው ነገር ላይ ተነሥቶ አያውቅም፤ ያውም ከአንድ ሰው ነገር ላይ።

ጻድቅ አልነበረም ማለቴ አይደለም። ሁለቱንም ነበር፤ ለሰው የማይገባው ይሄ ነው። የምነግራችሁን አብዛኛውን የሰማሁት ከሚስቱ ከወርቅቱ ነው። ወርቅቱ ባሏን ትወዳለች፣ ግን አታሳምረውም።

ደገፋ የሱሉልታ ገበሬ ነው። አባቱም አያቱም እዚያው ማርያም ደጅ የተቀበሩ፣ በኦሮምኛ የሚጣሉ፣ በአማርኛ የሚካሰሱ፣ በግዕዝ የሚቀደስላቸው ሰዎች ናቸው። በልጅነቱ የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥሮ ዳዊት ደግሟል። ዲያቆን ሊሆን ነበር፤ አባቱ ሞተና ሞፈር ጨበጠ። ለዚያ ዘመን ገበሬ ማንበብ ብርቅ ነው። ጠዋት ጠዋት ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የዕለቱን ዳዊት ይደግማል፤ ከዚያ አማርኛውን ወንጌል ገልጦ ጥቂት ያነባል። ያነበበውን እንደ ሕግ ነው የሚይዘው። ካህናቱ ሲያብራሩለት እንኳ "የለም፣ የተጻፈው እንዲህ ነው" ብሎ ድርቅ ይላል።

ከወርቅቱ ጋር ሲጣላ፣ መጽሐፉ ከነቁጣህ አትደር ስለሚል፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሊታረቃት ከእርሻው እየሮጠ ይመጣል። ሰውዬው እያለከለከ ደጃፉ ላይ ይደርስና "በይ ታርቀናል" ይላታል። ወርቅቱ "ንዴቴ ሳይወጣልኝ ፀሐይዋ ትገባብኛለች" እያለች ታማርር ነበር። እንዲህ ያለ ባል ምን ይደረጋል።

ጠቡ የመጣው ከጅረት ነው። ሱሉልታን የሚያውቅ ሰው መስክ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። አዲስ አበባ ውስጥ ላም ያለው፣ ፈረስ ያለው ሁሉ የሚገዛው ድርቆሽ ከእኛ መስክ የሚታጨድ ነው። የደገፋ አባትና የጎረቤቱ የባይሳ አባት መስካቸውን የለዩት በጅረት ነበር፤ ወዲህ የደገፋ፣ ወዲያ የባይሳ። አንድ ዓመት ነሐሴ ላይ ጅረቱ ሞልቶ የድሮ መውረጃውን ተወና በደገፋ በኩል ጥሶ ወረደ። ክረምቱ ሲወጣ በድሮውና በአዲሱ ጅረት መካከል ያለው ለምለም መስክ፣ ከመስኩ ሁሉ ሣሩ የሚበረታበት፣ ከወዲያ ማዶ ሆኖ ተገኘ። ባይሳ ምንም አላለም። ኅዳር ሲመጣ ብቻ ማጭዱን ይዞ ገባና አጨደው።

"ኦቦ ባይሳ፣ ምን እያደረግክ ነው?" አለው ደገፋ።

"መስኬን እያጨድኩ ነዋ። አባቶቻችን ድንበሩ ጅረቱ ነው አላሉም?"

"ጅረቱ ትናንት የት ነበር?"

"እኔ ጅረት አልጠብቅም" ብሎ ማጨዱን ቀጠለ።

ድንበሩን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሞተዋል፤ የቀሩት ጎረቤቶች በሁለቱ ጠብ መግባት አልፈለጉም። የድሮው መውረጃ ደለል ሞልቶት ሣር በቅሎበታል። ነገሩ ከሽማግሌ ወደ አጥቢያ ዳኛ ሄደ። ምስክር ሲጠፋ ደግሞ በጊዜው ልማድ ነገር የሚቆረጠው በመሐላ ነው። ከሳሽ ማርያም ደጅ ቆሞ፣ ወንጌል ጨብጦ "የእኔ ነው" ብሎ ከማለ ይወስዳል። አልምልም ካለ መሐላው ወደ ተከሳሹ ይዞራል። በሐሰት የማለን ሰው መሐላው ሳይውል ሳያድር ይይዘዋል፤ ወይ በከብቱ፣ ወይ በእህሉ፣ ወይ በልጁ ይመጣበታል። ይህን የማያምን ሰው በጃንሆይ ዘመን በእኛ መንደር አልነበረም። ደገፋም አጥብቆ ያምናል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መንደሩ ሁሉ ማርያም ደጅ ተሰበሰበ። የደገፋ ነፍስ አባት የሆኑት መምሬ ብዙነህ ወንጌሉን አውጥተው ዘረጉለት።

"በል ደገፋ፣ ያዝና ማል።"

"አልምልም።"

ዳኛው የሰሙት ነገር አልገባቸውም። "መስኩ ያንተ አይደለም ወይ?"

"የእኔ ነው።"

"እንግዲያው ማላ!"

"የእኔ ነው አልኩ እኮ። ሌላ ምን ልበል? መምሬ፣ አይቆጡኝ፤ አንቱ የዘረጉልኝ ወንጌል ነው ከቶ አትማሉ የሚለው። አትማል የሚለኝን መጽሐፍ ጨብጬ ልማል?"

"እሱ በከንቱ ስለመማል ነው፣ ልጄ።"

"በከንቱ የምትለዋን ያሳዩኝና ልማል።"

መምሬ ብዙነህ አላሳዩትም። ወርቅቱ ከሴቶቹ መካከል ብድግ ብላ "ማሎ፣ እባክህ ደገፋ! ለእውነት መማል ምን ነውር አለው? በል ማልና ቤታችን እንግባ!" ብላ ጮኸች። እሱ ወደ እሷም አልዞረ። ከሰዉ ግማሹ "አያ፣ ባያምንበት ነው፣ መስኩ የሱ ቢሆን አይምልም ነበር?" ይባባል ጀመር። ደገፋ ይህን ሁሉ ይሰማል።

መሐላው ወደ ባይሳ ዞረ። ባይሳ ኩታውን አደግድጎ ወደ ፊት መጣ፤ ወንጌሉን ጨበጠ፤ "መስኩ የአባቴ ካልሆነ ዘሬን አያሳድግልኝ" ብሎ ማለ። ድምፁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ዳኛው መስኩን ፈረዱለት።

ደገፋ ያን ቀን አላዘነም፤ ወደ ቤቱ ሲሄድ እንዲያውም ቀለል ብሎታል። "ዝም በይ ወርቅቱ" አላት፤ "እኔ ነገሬን ለባለቤቱ ሰጥቻለሁ። ዋቃ ከሰማይ ያያል። ይኼ ሰው ዓመት አይሞላውም።"

ባይሳ ዓመት ሞላው። የያዘው ነገር ቢኖር ሀብት ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የአጎቴ ዕድሜ አንድ አጥር ተሻግሮ በማየት ያለቀ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። በመጀመሪያው ዓመት የባይሳ ላሞች መንታ ወለዱ። ደገፋ መንታዎቹ ይሞታሉ ብሎ ጠበቀ፤ ሁለቱም ጊደር ሆነው አደጉ። የባይሳ ላም ባስነጠሰች ቁጥር ደገፋ እርፍ ጥሎ ቀና ይላል። ባይሳ አዲስ አበባ ወተት ማስገባት ጀመረ። ፈረስ ገዛ፤ ጥምቀት ሲሆን በዚያ ፈረስ ታቦቱን አጅቦ ከፊት ከፊት ይጋልባል። ማርያም ስትነግሥ ድግሱ ከባይሳ ቤት ነው፤ መምሬ ብዙነህ ሳይቀሩ እዚያ ጠላ ይጠጣሉ። ደገፋ ከሰው መሐል ተቀምጦ የቀረበለትን ይቀምሳል እንጂ አይወርድለትም።  ሰው "ባይሳ እኮ እጁ ሰፊ ነው" ሲል ጋቢውን ሰብስቦ ይነሣል።

አንድ ዓመት በረዶ ወረደ። ደገፋ በሩ ላይ ቆሞ "መጣ!" ብሎ አጨበጨበ። በረዶው የደገፋን ገብስ ከሥሩ አጨደና የባይሳን ድንበር ሲደርስ አባራ። በማግስቱ መምሬ ብዙነህ ዘንድ ሄዶ "አባቴ፣ ከላይ ያሉት የማንን ቤት ነው የሚያውቁት?" ብሎ ጠየቃቸው። ለዚህ አነጋገሩ ስግደት ተቀጣ።

ቆርቆሮው ደግሞ ባሰ። በመንደራችን የመጀመሪያውን የቆርቆሮ ቤት የሠራው ባይሳ ነው። ፀሐይ ስትወጣ ነጸብራቁ አጥር ዘልሎ ደገፋ ከሚደግመው ዳዊት ገጽ ላይ ያርፋል። ድንጋዩን ወደ ጎን አዛወረ፤ ነጸብራቁ ተከተለው። ስግደቱን እየሰገደ ተደፍቶ ቀና ባለ ቁጥር የሚያየው ያንኑ ቆርቆሮ ነው። "የቅናትን ንስሐ የምሰግደው እየቀናሁ ነው" ብሎ ለወርቅቱ ነገራት። አላሳቃትም፤ እሷም ትቀናለች። የባይሳ ሚስት ድንቅቱ ከገበያ በአዲስ ጥለት ስትመለስ ወርቅቱ ደጇን ትዘጋ ነበር።

የረቡዕ ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። ዳዊት በየዕለቱ ተከፍሎ ነው የሚደገመው። በረቡዕ ድርሻ ውስጥ፣ ባለ መዝሙሩ የክፉዎችን ሰላምና ድሎት አይቶ መቅናቱን ለእግዚአብሔር የሚያማርርበት ክፍል አለ። ሌላ ቀን በለሆሳስ የሚደግመው ደገፋ ረቡዕ ሲደርስ ብድግ ይልና ፊቱን ወደ ባይሳ ቤት አዙሮ፣ ድምፁ ጅረቱን እስኪሻገር ይለቀዋል። ባይሳ ግዕዝ አይሰማም። ከበረቱ ሆኖ "ኦቦ ደገፋ ዛሬ ድምፁ አማረለት" ይል ነበር። መዝሙሩ መጨረሻው ላይ ወደ መጽናናት ይዞራል፤ እዚያ ሲደርስ የአጎቴ ድምፅ ይቀንሳል።

ወርቅቱ አንድ ቀን ተናደደችና "ዳኛው ዘንድ ተመለስና ነገሩን አንሣ፤ አሁን እንኳ ማልና መስካችንን አምጣ። ልጆችህ ሣር አጥተው ከብት እየሸጡ ነው" አለችው።

"አልምልም።"

"እንግዲያው አትቅና!"

"እሱ በእጄ አይደለም" አላት። "መማል አለመማል ግን በእጄ ነው።"

ይህን ይዞ ዓመታት ሄዱ። ባይሳ ወንዶች ልጆች ነበሩት፤ በስተርጅና ደግሞ ድንቅቱ አንድ ሴት ወለደችለት፤ አጸደ ትባላለች። ባይሳ ይቺን ልጅ ከሁሉም አስበልጦ ይወዳል፤ ፈረሱ አንገት ላይ አስቀምጧት መንደሩን ያዞራታል። ደገፋ በእሷም ቀና። የሱ ሴት ልጆች ተድረው ርቀው ሄደዋል።

በአንድ ሐምሌ፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት ጠዋት፣ ደገፋ ዳዊቱን ሳይጨርስ ከአጥሩ ውጭ የሰው ድምፅ ሰማ። መምሬ ብዙነህና ሽማግሌዎች ናቸው። ከፊታቸው ባይሳ፣ ባዶ እግሩን፣ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ቆሟል። ድንጋይ ተሸክሞ የመጣ ሰው ማረኝ ሊል የመጣ ነው፤ ይህን ሕፃንም ያውቃል።

"ኦቦ ደገፋ" አለ ባይሳ። "መሐላው ያዘኝ። አጸደን ያዘብኝ። ከሰኞ ጀምሮ ዓይኗን አልገለጠችም። ድንበሩ የድሮው ጅረት ነው፤ በሐሰት ነው የማልኩት። መስክህን ውሰድ፣ ልጄን ተውልኝ።"

ወርቅቱ የነገረችኝ ይህን ነው፤ የደገፋ ፊት በራ። ያን ያህል ዓመት የጠበቀው ነገር በገዛ እግሩ ድንጋይ ተሸክሞ ደጁ መጥቷል። ደስታው አጥንቱ ድረስ ገባ። ልጅ እየሞተች ነው መባሉን ሰምቷል፤ ግን ደስታው ቀደመ። ድንጋዩን አውርድ እንኳ አላለውም፤ ባይሳ አንገቱ እስኪንቀጠቀጥ ተሸክሞ ቆየ። በመጨረሻ መምሬ ራሳቸው አወረዱለት።

"መሐላ የሚነሣው በመሐላ ነው" አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ። "ተነሥ ደገፋ፣ ማርያም ደጅ እንሂድ። ወንጌሉን ይዘህ 'ባይሳን ከልቤ ምሬዋለሁ፣ መሐላውን አንሥቼለታለሁ' ብለህ ማል። እኛ ደግሞ መስኩን ዛሬውኑ እናስረክብሃለን።"

ወርቅቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ባሏን አየችው። ምን እንደሚል አውቃዋለች። አውቃ ፈራች።

"አልምልም" አለ ደገፋ።

"ልጅ እየሞተች ነው እኮ!" አሉ መምሬ፤ የዚያን ቀን እውነተኛ ቁጣ ተቆጡ። "መጽሐፉን የበቀል ዱላ አደረግከው? ይኼ ነው እምነትህ?"

"መምሬ፣ ሁለት ነገር ነው ያለብኝ" አለ። "አንደኛ አትማል ተብያለሁ። ሁለተኛ አልማርኩትም። አሁን እዚህ ቆሜ እንኳ ደስ ብሎኛል። 'ከልቤ ምሬዋለሁ' ብል ወንጌል ላይ ቆሜ መዋሸቴ ነው። ባይሳ ያደረገውን ላድርግ?"

 ባይሳ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ።

ደገፋ ግን ጋቢውን ከትከሻው ላይ አስተካክሎ "ልጅቷን ላያት" አለና ቀድሟቸው ወጣ። ያን ሁሉ ዓመት ያልረገጠውን የባይሳን ግቢ ረገጠ። በቆርቆሮው ሥር ገባ። አጸደ እሳቱ አጠገብ ተኝታለች፤ ድንቅቱ እግሯን ይዛ ታለቅሳለች። ልጅቷ ስትተነፍስ የጎድን አጥንቷ ወደ ውስጥ ይገባል፤ አፍንጫዋ ይርገበገባል። ሳል ሲመጣባት ትንሰፈሰፋለች።

ደገፋ ይህን ትንፋሽ ያውቀዋል። የራሱ ታላቅ ልጅ እንዲሁ ሆና ነበር። አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ወስዷት የሳንባ ምች ነው ተብሎ መርፌ ተወግታ ነው የዳነችለት።

"ሐኪም አይቷታል?"

"አባቷ ወዴት ይወስዳታል?" አለች ድንቅቱ። "መሐላ የያዘውን ሐኪም ምን ያደርገዋል? አስቀድሞ ኦቦ ደገፋ ይማረን ብሎ እምቢ አለ። ማሎ፣ ማሎ አባቴ፣ አንድ ቃል ተናገርላት።"

አጎቴ እዚያ ቆሞ ስላሰበው ነገር ለወርቅቱ በኋላ ሁሉንም ነግሯታል። ነገሩ ፍንትው ብሎ ታየው። ሽማግሌ ፊት ባይሳ በሐሰት መማሉን በአፉ አምኗል። አሁን ደገፋ ዝም ቢል፣ ወይም "እስቲ ልጸልይ፣ እናንተም ጠበል አምጡ" ብሎ አንድ ሁለት ቀን ቢጎትተው፣ መሐላው የያዘ ይሆናል፤ መስኩ ያለ ክርክር የሱ ይሆናል፤ መጽሐፉን በመያዙ የሳቀበት ሁሉ ያፍራል። እግዚአብሔርም ያን ያህል ዓመት ዝም ያለው ለዚህ ቀን ኖሯል ይባላል። ልጅቷ በመርፌ ከዳነች ግን ነገሩ በሽታ ብቻ ነበር ይባላል። ደገፋ ሞኝ አይደለም፤ ባይሳን ደግሞ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ያን ያህል ዓመት ሲመለከተው የኖረ ሰው ነው።

"ቆሜ መስኩን አሰብኩ" አላት ወርቅቱን። "ልጅቷ ፊቴ እያቃሰተች መስኩን አሰብኩ።"

ከዚያ ጋቢውን አወለቀና አጸደን ጠቀለላት። "መሐላው ይሁን አይሁን አላውቅም" አለ። "ሳንባዋን ግን አውቀዋለሁ። ባይሳ፣ ተነሥ፤ መንገድ እንውጣ!"

"መሐላውስ?" አለ ባይሳ።

"መሐላህ አያመልጥህም። ተነሥ ብዬሃለሁ!"

ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ደገፋ ልጅቷን ተሸክሞ ከፊት፣ ባይሳና ድንቅቱ ከኋላ፣ እስከ ጎጃም መንገድ ወረዱ። ባይሳ ልቀበልህ ቢለው አልሰጠውም። ድንቅቱ እንደምትለው መንገዱን ሁሉ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ምን ብሎ እንደጸለየ ወርቅቱ ጠይቃው ነግሯታል፦ "ጌታዬ፣ በእኔ የተነሣ ይቺን ልጅ እንዳትወስድ። ባይሳን ገና አልማርኩትም፤ የሱን ነገር በኋላ እንነጋገርበታለን።"

ከሰል የጫነ መኪና መጣ። ደገፋ መሐል መንገድ ላይ ቆሞ አስቆመው። ሾፌሩ ተሳድቦ ጫናቸው። እንጦጦን ወርደው ሐኪም ቤት አደረሷት፤ መርፌው ተጀመረ። አጸደ እዚያው ሰነበተችና ድና ተመለሰች፤ ከመኪና የወረደችው በእግሯ ነው። ድንቅቱ ከቤቷ በፊት ደገፋ ደጅ ሄዳ ጉልበቱን ሳመች።

ከዚያ የሆነው ደገፋ የጠበቀው ነው። ከመስቀል በኋላ ሽማግሌዎቹ ነገሩን ለመቋጨት ተሰበሰቡ። ባይሳ ኩታውን አደግድጎ ተነሣ።

"አባቶቼ" አለ፤ "ያን ቀን የልጄ ጭንቀት ይዞኝ ነበርና በአፌ ያልኩትን አላውቀውም። ሐኪሙ ተናግሯል፤ በሽታ ነው። መሐላ ቢሆን በመርፌ ይድናል? ኦቦ ደገፋም ራሱ ሳንባ ነው ብሎ ነው የወሰዳት። ደግሞም ስምምነታችን እሱ ምሎ እኔ መስኩን ልለቅ ነበር። ማለ? አልማለም። እንግዲያው ምን ቀረ? ደግነቱን ግን እስክሞት አልረሳም፤ ልጄን አድኖልኛል።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ "ነገሩስ እውነት ነው፣ አልማለም" አለ። መምሬ ብዙነህ መሬት መሬት ያዩ ነበር። ደገፋ ይመሰክራሉ ብሎ ወደሳቸው ቢያይ ቀና አላሉም። ነገሩ እንዲሁ ተበተነ። በሕይወቴ የዚያን ቀን ሽማግሌዎች ያህል የጠላሁት ሰው የለም፤ ሞተዋል፣ ነፍስ ይማር፣ ግን እንደጠላኋቸው ነኝ።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ሣሩ ታጨደ። ባይሳ ውለታ እንደማይረሳ ሊያሳይ በአህያ የተጫነ ድርቆሽ ለደገፋ ላከ። "ለኦቦ ደገፋ ከመስኬ የታጨደ ስጦታ ነው በሉልኝ" ብሎ። ድርቆሹ ከሁለቱ ጅረት መሐል ካለው ከዚያ መስክ የታጨደ ነው። ደገፋ ሣሩን አይቶ አወቀው፤ በዚያ አካባቢ እንደሱ የሚሸት ሣር የለም።

"ልመልሰው?" አለችው ወርቅቱ። እሷ እሳት ሆናለች፤ ከነአህያው ገደል ልትሰደው ነው።

"ላሟ ምን አጠፋች" አለና ሸክሙን በእጁ አወረደው። አንድ እቅፍ አንሥቶ ለላሟ ሰጣት። ላሟ ትበላለች፣ እሱ አጠገቧ ቁጭ አለ። ያለቅስ ጀመር። ወርቅቱ ባሏ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም፤ በሕፃንነታቸው የሞቱበትን ልጆች እንኳ ዳዊት እየደገመ ነው የቀበራቸው። ቀረብ ብላ ተቀመጠች።

"ያን ቀን ዝም ብትል ኖሮ መስኩ ያንተ ነበር" አለችው፤ ልትወቅሰው አይደለም፣ አላስችል ብሏት ነው።

"አውቃለሁ።"

"ብትምልም ያንተ ነበር። ሁለት ጊዜ።"

"አውቃለሁ አልኩሽ እኮ።"

"አሁንም በባይሳ ትቀናለህ?"

"ያቃጥለኛል። ቆርቆሮውን ሳይ ያቃጥለኛል፣ ልጅቷ ስትሮጥ ሳይ ያቃጥለኛል። አድኛት እንኳ ያቃጥለኛል።"

"እግዚአብሔርስ? ፈረደልህ?"

 ላሟ ድርቆሹን ጨርሳ እጁን ትልስ ጀመር።

"እግዚአብሔርማ የሚያድረው ባይሳ ቤት ይመስለኛል" አላት። "ቢሆንም እኔ ሌላ አላውቅም። የያዝኩት እሱን ነው። እሱን ለቅቄ ወዴት እሄዳለሁ?"

ይህን ሲናገር እንባው በጢሙ ላይ ይወርድ ነበር። የጽድቅ እንባ እንዳይመስላችሁ፤ የቅናት ነው።